የአጎቴ የከድር ፎቶ

አሰላ ውስጥ፣ አንድ መዝገብ ቤት፣ የአጎቴን የከድርን ስም ከዘማቾች ዝርዝር ላይ አገኘሁት። ጸሐፊዋ ግን፣ «በዚህ ስም ብዙ ሰው ስላለ ፎቶውን አምጪ» አለችኝ። ድሮ ወታደሮች ይነሱበት ወደነበረው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ውሃ የገባበትን አሮጌ ፊልም ጓሮ እያቃጠሉ ነበር። ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ሳጉሬ መለሰኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ አባቴ የከድርን ደብዳቤዎችና ያለንን አንድ ፎቶ ጓሮ አውጥቶ እሳት ለቀቀባቸው። ከድር ከገበያ ታፍሶ ወደ ሰሜን ከተወሰደ አራት ዓመት አልፎት ነበር። አያቴ ሮጣ የአባቴን እጅ ያዘች።

«ፊቱን እንኳ ቆርጠህ ተውልኝ። የወታደር ልብሱ ይቃጠል።»

«የሚያስይዘን እኮ ፊቱ ነው፣ እማዬ» አላት።

ፊት ሰውን እንዴት እንደሚያስይዝ አልገባኝም። ፎቶው ተጠቅልሎ ከእሳቱ ሊወጣ ሲል አባቴ «ግፊው!» ብሎ ጮኸብኝ። በእንጨት ገፋሁት። ከዚያ ቀን በኋላ አያቴ እስክትሞት ድረስ ከእኔ እጅ ውሃ ተቀብላ አልጠጣችም። ቤታችንን ሊፈትሽ የመጣ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አንድ ካርቶን ሙሉ የወታደር ፎቶ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልኝ።

«ምን ይመስል ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሁሉም ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቆብ አድርገዋል። አንድ በአንድ አይቼ መልሼ ደረደርኳቸው። አጎቴ ከመካከላቸው ቢኖር እንኳ አላውቀውም።