ለዕንቁጣጣሽ የተጎዘጎዘው መድኃኒት

የማኅበራችንን ሊቀመንበር ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሰውየው ክፉ አይደለም። እንዲያውም ሰው ሲሞትብን አስከሬን አገር ቤት ለማስላክ ከማንም ቀድሞ የሚሮጥ እሱ ነው። ግን ያን ቀን ያደረገውን አደረገ፤ ስነግረውም ሳቀብኝ።

ሱቄ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ነው። ግቢው ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያት እንደማለት፣ የሚላቸው የአንዲት አሮጊት ነው፤ የባህል መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ከጀርባችን እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ ባለው ሜዳ ላይ ድሮ ኢንኮምፌ የሚሉት ቢጫ አበባ ሞልቶ ነበር። አበባው ኮከብ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ግን ድንች የሚያህለው ሥሩ ነው። ጎጎ ፊኛውን ለታመመና አቅም ላነሰው ይሰጣሉ። የሆስፒታል ክኒን ለሚውጥ ሰው ግን እግራቸው ላይ ቢወድቅ አይሰጡም።

ሜዳውን የጨረሱት ጆንያ አንግተው የሚመጡ ቆፋሪዎች ናቸው። ትንሽ ትልቅ ሳይሉ ነቅለው ለገበያ ይጭኑታል፤ ጉድጓዱን እንኳ አይደፍኑም፣ ይሉኝታ የሌላቸው! ጎጎ የሚያወጡት ትልቁን ብቻ ነው፣ ያውም ዘሩ ከረገፈ በኋላ፣ አፈሩንም መልሰው። ሜዳው ሊያልቅ ሲል የተረፈውን ዘር ለቅመው አመጡና ባዶ የዘይት ባልዲዎች ውስጥ አብረን ዘራን። ዘሩ ግትር ነው፣ ብዙው ሳይበቅል ይከርማል። የበቀለውም ሥሩ ድንች እስኪያህል ዓመታት ይፈጃል። ጎረቤት "የውጭ ሰዎች ሁሉን ወሰዱብን" ሲል ጎጎ እጁን ይዘው እያስገቡ ባልዲዎቹን ያሳዩት ነበር። "ይቺ ልጅ ታበቅላለች እንጂ አትወስድም" ይሉታል። እኔም ደረቴ ይነፋ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ባለበት፣ አበባውን ወደ ሜዳው ልንመልስ ተነጋግረን ነበር።

ከዚያ ዕንቁጣጣሽ መጣ። ማኅበሩ እሑድ ቀን አዳራሽ ተከራየ። እዚህ አገር አደይ የለ፣ ቄጤማ የለ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሊቀመንበሩ በዚያው ጠዋት ለስላሳ ሊጭን ሱቄ ሲመጣ እኔ ለዕቃ ወጥቼ ነበር፣ ጎጎም ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ግቢ ዘልቆ ባልዲዎቹ ላይ የፈካውን ቢጫ ሲያይ ሱቁን የሚጠብቅልኝን ወንድሜን ጠየቀው። ወንድሜም "ኢትስ ጀስት ግራስ፣ ውሰዱት" አለው። አንድ ግቢ ውስጥ ከእኔ ጋር እየኖረ! ሊቀመንበሩና አብረውት የመጡትም እንዳይጠወልግ ብለው ከነሥሩ ነቅለው በዚያው ባልዲ ጭነው ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ አዳራሹ ስገባ ረጃጅሙ ቅጠል ወለሉ ላይ ተጎዝጉዟል። ሥሩን ቆራርጠው ውጭ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥለውታል። አበባውን በየጠረጴዛው ብርጭቆ ውስጥ ደርድረውታል፤ ኢንኮምፌ ግን ጠዋት ተከፍቶ ቀትር ላይ የሚከደን አበባ ነው። አንድም የፈካ አልነበረም። ይህን ሁሉ አጥፍተው ቢጫዋን እንኳ አላገኟትም።

ሊቀመንበሩ ላይ ጮኽኩ።

"ሪላክስ እህቴ፣ በዓመት በዓል ለሣር ብለሽ ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ? ባልዲዎችሽን እንመልስልሻለን" አለኝና ሳቀ።

ባልዲ! አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ጎጎን ለበዓሉ የጋበዝኳቸው እኔው ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ፤ ግቢያቸውን ገና አላዩም። በሩ ላይ ቆሙና ወለሉን አዩ። ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል አነሱ፣ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና ቅጠሉን ላለመርገጥ ባዶ ባዶውን እየፈለጉ ወደ እኔ መጡ።

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። "ባህላችንን አከበሩ!" አለ አንዱ። እልልታው ቀጠለ። ሊቀመንበሩ እየሮጠ ማይክ አቀበላቸው።

"እማማ፣ አንድ ነገር ይበሉልን!"

ጎጎ ማይኩን ያዙ እንጂ ሕዝቡን አላዩም። እኔን እያዩ በዙሉ ቋንቋ፣ በዝግታ ተናገሩ።

"ምን አሉ? ተርጉሚልን እንጂ!" አለ ሊቀመንበሩ፣ ገና እያጨበጨበ።

ማይኩን ከእጃቸው ተቀበልኩ። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

"'ነገ ጎረቤቶቼ ማን ወሰደው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?' ነው የሚሉት" አልኩ።