የሰረዝኩት መልስ

ደባርቅ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ጥር የሥራ ባልደረባዬ ጃናሞራ ገጠር ውስጥ ሲያገባ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ከመኪና ከወረድኩ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘሁና መምህር መሆኔን ነግሬ ስለ ሠርጉ ቤት ጠየቅኋቸው። “በመንገዴ ነው መምህር፤ ስንደርስ አሳይዎታለሁ” አሉኝ።

እጄ ላይ አንዲት ተማሪ ጠይቃኝ ያቃተኝ ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። ስኩዌር ሩት ውስጥ ስድስት ሲደመር ሌላ ስኩዌር ሩት፣ በዚያም ውስጥ ስድስት ሲደመር ሌላ፣ እንዲህ እያለ አያልቅም። ስንት ነው? ሰኞ መልሱን ላመጣላት ቃል ገብቻለሁ። ወረቀቱን እያየሁ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ከፊት ከፊት ሄድኩ። ሰውየው ድምፃቸውን አጥፍተው ተከተሉኝ።

ብዙ ከተጓዝን በኋላ በራልኝ። ከመጀመሪያው ስድስት ቀጥሎ ያለው ራሱ ሙሉው ጥያቄ ነው። ማለቂያ ከሌለው ነገር ላይ አንድ ቢነሳ ምን ይጎድላል? ሙሉውን ኤክስ አልኩት፤ ኤክስ ስኩዌር ከኤክስ ሲደመር ስድስት ጋር እኩል ሆነ። ፋክተር ሳደርገው ሦስትና ኔጌቲቭ ሁለት ወጡ። ስኩዌር ሩት ኔጌቲቭ ስለማይሆን ኔጌቲቭ ሁለትን ሰረዝኩና እስክሪብቶዬን ኪሴ ከትቼ ቀና አልኩ።

“ዳዊትዎን ጨረሱ?” አሉኝ ሰውየው።

ደስ ብሎኝ ስለነበር አላረምኳቸውም። “ጨረስኩ አባቴ። ሠርጉ ቤት ለመድረስ ስንት ሰዓት ይቀረናል?”

“እሱንማ ካለፍነው ሁለት ሰዓት ሆነን። ዳዊት የሚደግም ሰው አይጠራም ብዬ ዝም አልኩ።”

እስክሪብቶዬን አወጣሁና ኔጌቲቭ ሁለትን መልሼ ጻፍኩት።