ጠዋት እስረኛ፣ ከሰዓት አስረኛ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ፋብሪካ ስቀጠር የሞላሁት ፎርም ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ሦስተኛ ወረቀት ተሰጥቶኛል። እንግዲህ እዚህም የተጣመመ ነገር ካገኛችሁ እንደዚያ ፎርም ቆጥራችሁ እለፉልኝ።

ለመጻፍ የገፋፋኝ ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ያየሁት ነው። ልጄን የኩፍኝ ክትባት ላስከትብ ሄጄ፣ ነርሷ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ በሁለት ጣቷ ይዛ አግዳሚው ላይ የተቀመጥነውን እናቶች ትቆጥራለች። ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ለአስር ልጅ ነው፤ የተረፈው ይደፋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ “ሰውን እንደ ታክሲ እስኪሞላ ያስጠብቁታል” ብላ አጉረመረመች። ብዙም ሳንቆይ ሞላን። እኔ ግን ልጄ ተወግታ ስታለቅስ እንኳ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ሌላ ብልቃጥ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ከወላይታ መጥተው ሰበታ የከተሙ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። እኔም አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብቼ ነበር። ዓይን አፋርነቴ እንዴት ያለ እንደነበር ለመናገር አንድ ነገር ይበቃል፤ ታክሲ ውስጥ “ወራጅ አለ” ማለት አልችልም ነበር። መውረጃዬ ሲደርስ ዝም ብዬ እቀመጥና ሌላ ሰው “ወራጅ” ሲል አብሬ እወርዳለሁ። ከዚያ የመጣሁበትን በእግሬ እመለሳለሁ። ሩጫ የለመድኩትም በዚሁ ይመስለኛል።

ጫልቱን ያገኘኋት ከፈረቃ በፊት ጠዋት ጠዋት በምሮጥበት ሜዳ ነው። የተፍኪ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዓይነ ስውር ናት፤ ትምህርቷን የተማረችው ሰበታ ነው። አሰልጣኟ የምትመራት ሰው ትፈልግ ነበርና አንድ ቀን አጭር ገመድ አምጥታ የእኔን የግራ እጅ ከጫልቱ የቀኝ እጅ ጋር አሰረች። መሪ ሯጭ መናገር አለባት። ግራ፣ ቀኝ፣ ጉድጓድ፣ መታጠፊያ እያለች ትጮሃለች። እኔ አልጮህም። ገመዱን አንዴ ከሳብኩ ግራ ነው፣ ሁለቴ ከሳብኩ ቀኝ፣ ቀጥ ካደረግኩት ደግሞ ቁሚ ማለት ነው። ጫልቱ በዚህ ስትስቅ፣ “ሰው ዓይነ ስውርና መሪ ይለናል፤ ዕውርና ዲዳ መሆናችንን ማን ነግሮት” ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሮጥን።

ከዚያ ካምፓላ ላይ ለሚደረግ ውድድር ተመረጥን። እኔ እስከዚያ ቀን ከአዲስ አበባ ወዲያ የማውቀው ወላይታን ብቻ ነው፤ እሱንም በሕፃንነቴ። ፓስፖርቴ ሲደርሰኝ ለሦስት ቀን ትራስ ስር አድርጌ ተኛሁ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ ማንም ስለማይሰማኝ “ካምፓላ፣ ካምፓላ” እያልኩ ለብቻዬ እዘፍን ነበር።

ሰኞ ማታ አሰልጣኟ ደወለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካልተከተብንና ቢጫ ካርድ ካልያዝን ድንበር አያስገቡንም። ካርዱ ደግሞ የሚሠራው ከተወጋን ከአስር ቀን በኋላ ነው። በረራችን የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ነገ ማክሰኞ ካልተከተብን አለቀ። ደግነቱ አዲስ አበባ ያለው የመንገደኞች ክትባት ክፍል የሚከትበው ማክሰኞና ሐሙስ ነበር።

ችግሩ መንገዱ ነው። ያን ሰሞን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳ አገሩ ሁሉ ታምሶ ነበር። ቡራዩ ተዘጋ ሲባል ሱሉልታ ይከፈታል፤ ሱሉልታ ሲዘጋ የእኛ ይከፈታል። የጫልቱ አባት ኦቦ ደቻሳ መሬታቸው ይወሰድ ይሆን ብለው እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል። እናቴ ደግሞ ከቤት አትውጪ ብላ ለምናኝ ነበር። ገና ሳይነጋ ወጣሁ።

ታኅሣሥ ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጫልቱ አባቷ የላኩላትን እሸት ሽምብራ በፌስታል ይዛ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ እሸቱን እየፈለፈልን አለም ገና ስንደርስ ሹፌሩ ቆመ። ከፊታችን ድንጋይ ተደርድሯል፤ የተቃጠለ ጎማ ይጨሳል። “ከዚህ በኋላ የለም” አለና ዞረ። ተሳፋሪው ወርዶ በየአቅጣጫው ተበተነ።

ጫልቱ ጭሱን አሸተተች። ከዚያ አዲስ አበባ መግቢያ አየር ጤና ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። “ታዲያ ከልምምዳችን መች ይበልጣል?” አለችና ገመዱን ከኪሷ አወጣች።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ሁልጊዜ በጭነት መኪና የሚታፈነው አስፋልት ባዶውን ተዘርግቶልናል። ግራና ቀኝ የታጨደ ጤፍ ተከምሯል፤ የጎማው ሽታ እያነሰ የባሕር ዛፉ ሽታ እየበዛ ሄደ። መፍራት ነበረብኝ። ግን እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። መኪና የለ፣ ጉድጓድ ቢኖር በሩቅ ይታያል። ጫልቱ ገመዱ እስኪወጠር እየቀደመችኝ ትስቃለች።

አንድ ኩርባ ስንዞር የወደቀ ባሕር ዛፍ መንገዱን ዘግቶታል፤ ግንዱ ላይ ወጣቶች ተቀምጠዋል። ሲያዩን ብድግ አሉ። አንደኛው፣ “ኤሳ ዴምቱ?” አለ። ወዴት ናችሁ ማለቱ ነው። ሰበታ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አያቅተውም፤ እኔን ያቃተኝ አፌን መክፈት ነው። ልጁ በገመድ የታሰረውን እጃችንን አየ። ፊቱ ተለወጠና ከኪሱ ሰንጢ መዞ ወደ እኛ መጣ። እሱ ግን ገመዱን ቀስ ብሎ ያዘው። ያን ሰሞን ስንቱ ይታሰር ነበርና፣ ከእስር ያመለጥን ሴቶች መስለነው ሊፈታን ነው። ማን እንዳሰረን ጠየቀ።

“እኔ ነኝ ያሰርኳት” አለችው ጫልቱ በኦሮምኛ። “ይቺ እስረኛዬ ናት። ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ቃሏን አልሰጠችም።”

ከዚያ ዓይኗን አዩና ነገሩ ገባቸው፤ ያ ሁሉ ወጣት በሳቅ ፈረሰ። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰሙ ደግሞ፣ “ካምፓላ? በእግራችሁ?” ብለው እንደገና ሳቁ። ሰንጢ የያዘው ልጅ የጫልቱን እጅ ይዞ ግንዱን አሻገራት፤ ለእኔ በላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ውሃ ሰጠኝ።

አየር ጤና ታክሲ አግኝተን ክትባት ክፍሉ የደረስነው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ነርሷ በስም ትመዘግብና እንቁላል ይስማማን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ክትባቱ ከእንቁላል ስለሚሠራ ነው። ከፊታችን ያሉት አዛውንት፣ “በነቢያት ጾም ስለ እንቁላል ትጠይቂኛለሽ?” ብለው ተቆጧት። ጫልቱ፣ “ካገኘሁ ይስማማኛል” አለች። ነርሷ መዝግባ ስትጨርስ ቆጠረችን። ዘጠኝ ነን። በመንገዱ ምክንያት ሰው አልመጣም።

ብልቃጡን ለዘጠኝ ሰው እንደማትከፍት፣ እስከ ስምንት ሰዓት ጠብቃ አስረኛ ካልመጣ ሐሙስ እንድንመለስ በትሕትና ነገረችን። ሌሎቹ እሺ አሉ፤ ጉዟቸው ሩቅ ነው። ለእኛ ሐሙስ ማለት መቅረት ማለት ነው። ጫልቱ ጫማዋን አወለቀች። አስፋልቱ ተረከዟን ልጦታል፤ መቆምም አልቻለችም።

“አመነች፣ ዛሬ ገመድ አይበቃሽም፤ ሂጂና ሰው አምጪ” አለችኝ።

ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ሳይ ላብ አጠመቀኝ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው መጣ፤ እጄን ዘርግቼ አንድ ነገር አጉተመተምኩ። “እግዜር ይስጥሽ” ብሎኝ አለፈ። ለማኝ መስዬው ነው። አፍሬ ልመለስ ስል ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ቤት አየሁ። መስኮቱ ላይ “የፓስፖርት ፎቶ” ይላል። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው መቼም ፎቶ ሳይነሳ አይሄድም ብዬ ተሻገርኩ።

አንዲት ሂጃብ ያደረጉ ወፈር ያሉ ሴትዮ ፎቶ ተነስተው እየጠበቁ ነው። የቡራዩ ነጋዴ ናቸው። መንገድ ሳይዘጋ ወጥተው እህታቸው ቤት እንዳደሩ፣ ባላቸው ወደሚነግዱበት ጁባ ሊሄዱ እንደሆነ ለፎቶ አንሺው ያወሩታል። ጁባም ቢጫ ካርድ ይጠይቃል፤ አሰልጣኟ ነግራናለች። ጠጋ አልኩና በዚያች የማትሰማ ድምፄ፣ “እናቴ፣ ክትባት ከፈለጉ…” አልኩ።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“ክታብ?” አሉ። “እኔ ክታብ የማንጠለጥል እመስላለሁ? በአላህ፣ አንቺስ በዚህ ዕድሜሽ ክታብ ሻጭ ትሆኛለሽ? ሥራ ጠፋ?”

እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ። ክታብ የሚባል ነገር ቤታችን ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከሆዴ አንድ ነገር ፈንቅሎ ወጣ።

“ክታብ አይደለም፣ ክትባት ነው ያልኩት! መርፌ! አንድ ሰው ጎሎን ነው፤ እርስዎ ካልመጡ ካምፓላ ልንቀር ነው!”

ፎቶ አንሺው ብቅ አለ። ሰው ቆሞ አየኝ። ሴትዮዋ በሳቅ ተንከተከቱ። መርፌ ስለሚፈሩ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲገፉት እንደከረሙ ነገሩኝ። “እንዲህ የጮኸችልኝን ልጅ እንዴት እንቢ እላለሁ” ብለው ክንዴን ያዙ። ሲወጉ ክንዴን እንደያዙ ነበር፤ የእሳቸው ጣት ከራሴ መርፌ ይልቅ አሞኛል።

ስንገባ ጫልቱ አግዳሚው ላይ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ድምፄ መንገዱን ተሻግሮ በመስኮት ገብቶላታል። “ጠዋት እስረኛ ነበርሽ፣ ከሰዓት አስረኛ ይዘሽ መጣሽ” አለችኝ፤ “ቃልሽንም ሰጠሽ።”

ካምፓላ ሄድን። ስድስተኛ ወጣን። ያን ቀን ግራ፣ ቀኝ፣ ቀጥ በይ እያልኩ ስለጮህኩ ለሁለት ቀን ድምፄ ተዘጋ፤ ጫልቱ ዲዳዬ ተመለሰች ብላ ሳቀችብኝ። ሜዳሊያ የለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን መውረጃዬን አልፌ አላውቅም።

አሁን ሳስበው ያ ጊዜ ለብዙ ሰው የሐዘን ጊዜ ነበር። ያ ሰንጢ የያዘው ልጅ በኋላ ምን እንደደረሰበት አላውቅም፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። የደስታዬ ቀን ከሰው ጭንቀት መሐል መሆኑ አንዳንዴ ይከብደኛል። ግን ያው ቀኑ የእኔም ነበር፤ ሌላ አልነበረኝም።

ጫልቱ ዛሬ ጅማ አስተማሪ ናት። ትናንት ደወልኩላትና ይህን ልጽፍ እንደጀመርኩ፣ ሰው ሊያነበው መሆኑን ሳስብ ወረቀቱን መቅደድ እንደሚያምረኝ ነገርኳት።

“ጨርሺውና ደውለሽ አንብቢልኝ” አለች። “በሹክሹክታ ካነበብሽ ግን እዘጋብሻለሁ።”