ዘግይቶ የሚመጣው ኳኳታ

አጎቴ ፒክአፗን ለመሸጥ የወሰኑት እኔን ሳይጠይቁ ነው። የመጠየቅ ግዴታም አልነበረባቸውም፤ መኪናዋ የእሳቸው ናት። ከድሬዳዋ መጥቼ ጅቡቲ ላይ ዘጋቢ ሆኜ መሥራት ስጀምር ቁልፉን አውጥተው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አዲሱ ባቡር ሥራ ሳይጀምር፣ የኢትዮጵያ ጭነት በከባድ መኪና በሚመላለስበት ጊዜ ነበር። እኔ የምኖረው ሆዳን ሰፈር ነው፤ የእሳቸው ሱቅ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር። የምዘግብላቸው ሾፌሮች ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ 12 በሚባለው ማቆሚያ ተራ ሲጠብቁ ነበር የሚውሉት። ስለ ወደቡ መጨናነቅም ሆነ ስለ ኮንትሮባንድ የሠራሁት ዘገባ ሁሉ በዚያች መኪና ተኪዶ የተሠራ ነው። እሷን ካጣሁ ቢሮ ተቀምጬ፣ ሌላ ሰው አየሁ ያለውን በስልክ እየተቀበልኩ የምጽፍ ሰው እሆናለሁ። እንዲህ ዓይነት ዘጋቢዎች ብዙ አይቻለሁ። እነሱን የመሆን ሐሳብ አልነበረኝም።

ለሽያጩ ምክንያት የተባለው ከመኪናዋ ሥር የሚመጣ ኳኳታ ነው። የጀመረው ፔካ 12 አጠገብ አንድ የተቆረሰ መንገድ ላይ ክፉኛ ከዘለልኩ በኋላ ነው። በማግስቱ አጎቴን መስጊድ ሳደርሳቸው ሰሙት። ፊታቸው ልውጥ አለ፤ ያን ጊዜ ለእኔ የፈሩ መስሎኝ ነበር። ምሳ ላይ ዘንጉ፣ ጅቡቲዎች ካርዳን የሚሉት ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደው ብረት፣ እንዳለቀለት፣ መኪናዋ አንድ ቀን መንገድ ላይ እንደምትገድለኝ ነገሩኝ። ገዢም ተገኝቷል፤ የታጁራ ሰው ነው፣ ከጁምዓ በፊት መጥቶ ይወስዳታል።

ማን መርምሮ እንዲህ እንዳለ ጠየቅሁ።

«ሁሉም ያለው ነው» አሉኝ።

ሁሉም ያለውን ነገር መመርመር የኔ ሥራ ነው። በሱቃቸው አጠገብ ጎማ ከሚሸጠው ሰው ጀመርኩ። እሱ ከገዢው ነው የሰማው። ገዢው ደግሞ መካኒኩ እንዲህ ብሏል ተብሎ ከአጎቴ። መካኒኩን ጋራዡ ድረስ ሄጄ አገኘሁት፤ ሱማሌኛና ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ የሚያወራ፣ ነገር የማያከር ሰው ነው። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አይቶ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። ሐጂ፣ አጎቴን ማለቱ ነው፣ ራሳቸው ካርዳኑ ነው አሉት፤ እሱም ካርዳኑ ነው አለ። እንዳይነካት ደግሞ ተነግሮታል፤ ገዢው እንዳለች ነው የሚወስዳት።

ሦስት ሰው የመሰከረለት ወሬ ከአንድ አፍ ወጥቶ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነብኝ አፉ የአጎቴ መሆኑ ነው። መካኒኩን ለምኜ ዘንጉን በእጁ እንዲነቀንቀው አደረግሁ። ንቅንቅ አላለም። ያረጀ ብረት ያወራል፣ ምን ታደርጊዋለሽ አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም የሚያወራውን ልሰማ ወደ ፔካ 12 ነዳሁ።

ጠዋት ነበር፣ ብረቱ ገና አልጋለም። አንድ የማውቀው የአዲስ አበባ ሾፌር ተራው እስኪደርስ ስለማይንቀሳቀስ መሪውን እንዲይዝልኝ ጠየቅሁት። እኔ ጭነት ክፍሉ ላይ ካርቶን አንጥፌ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ፣ ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጥፌ ተኛሁ። በከባድ መኪናዎቹ ጥላ የተቀመጡት ሁሉ ተነሥተው መጡ።

«ጋዜጠኛዋ ዛሬ ደግሞ ከመኪናዋ ጋር ነው ቃለ መጠይቁ» አለ አንዱ።

«ምን አለችሽ እህቴ?» አለ ሌላው። «ደሞዝ ጨምሪልኝ አለች?»

ከተኛሁበት ሳልነሣ አሁን ገና መጠየቅ መጀመሬን ነገርኳቸው። ጉድጓድ ላይ አስነዳሁት፤ ድምፅ የለም። ይህ ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል፤ የላላ ነገር ቢሆን እዚያ ላይ ነበር የሚንጫጫው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፍሬን አስያዝኩት፤ ኳ አለ፣ ወደ ፊት በኩል። እንደገና ሲነሣ ኳ አለ፣ ወደ ኋላ። ግን ልክ ሲይዝና ልክ ሲነሣ አይደለም። መኪናዋ ከቆመች ወይም ከተነሣች በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ደጋግሜ አስያዝኩት፣ ሾፌሩ እስኪሰለቸው ድረስ። ሁልጊዜም ይዘገያል። የላላ ብረት ሲመታ ወዲያው ነው የሚመታው፤ ይህ ግን መንገድ ሄዶ ነው የሚደርሰው። ከጆሮዬ ሥር አንድ ነገር እየተንከባለለ ነበር።

እዚያ ደግሞ ምንም ነገር ሊንከባለል አይችልም፤ ወለሉ ሥር አየር ነው። ወይም ነው ብዬ አምን ነበር። ወርጄ የጭነት ክፍሉን ጥልቀት ከውጭ በክንዴ ለካሁት፣ ከዚያ ከውስጥ። የውስጡ በአንድ ስንዝር ያንሳል። ከሥር ገብቼ ሳይ፣ ሌላ ወለል ተበይዶበታል፤ ከኋላ ጫፉ ላይ ቀለም የሸፈናቸው ብሎኖች አሉ።

ሾፌሮቹ መሳለቃቸውን ተዉ። መፍቻ ያዋሰኝ ሰው ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰና የድሮ ሰው ሥራ ነው አለ፣ በአድናቆት። አንዱ የድሬ ልጅ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «አቦ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አለ። «እኔ እዚህ አልነበርኩም።»

ብሎኖቹን ራሴ ፈታሁ። ክዳኑ ሲወርድ የበሰበሰ ጆንያ ወጣ፣ ተከትሎም አንድ ጣሳ ተንከባሎ አሸዋው ላይ ወደቀ። የዱቄት ወተት ነው፣ ያልተከፈተ፣ ጠርዙ የዛገ። በጆንያ ተወትፎ ስንት ዘመን ተቀምጦ፣ ያ የተቆረሰ መንገድ ነው የፈታው።

ጣሳውን በፌስታል አድርጌ ካርቲየ 1 ስደርስ ገዢው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። አጎቴ ከፈት አድርገው አዩና ገዢውን ከዙሁር ሶላት በኋላ እንዲመለስ በትሕትና ለመኑት። ሰውየው ሲወጣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ድምፁን ገና ስሰማው አውቄዋለሁ» አሉ። «አንድ ጣሳ ጎድሎብኝ ነበር ያኔ። ተሰርቋል ብዬ ከሰው ተጣልቻለሁ።»

በዚያ ወለል ሥር ደብቀው ወተት ወደ ድሬዳዋ ያሻግሩ እንደነበር፣ ያኔ እዚያ ወተት እንዳልነበረ፣ ለጠረፉ ኬላ እውነቱን የሚናገር ሰው ሕፃን እንደማያሳድግ ነገሩኝ። ዓመታት ሙሉ ማዕዳቸው ላይ ስለ ኮንትሮባንድ የጻፍኩትን ሳነብላቸው ዝም ብለው የሚያዳምጡት ለምን እንደነበረ፣ መኪናዋንም ለመሸጥ ለምን እንደቸኮሉ አሁን ገባኝ።

«ትጽፊዋለሽ?» አሉ።

«እሱን ራሴ እወስናለሁ፣ አጎቴ። ለድርድር አላመጣሁትም። የመጣሁት ስለ መኪናዋ ነው።»

«ቁልፉን በሰጠሽ ሰው ላይ ትጽፊያለሽ?»

«ቁልፉን ሰጥተውኛል። ጆሮዬን ግን እኔ ለማንም አላስረከብኩም። መሸጥ ከፈለጉ ይሽጧት፣ የእርስዎ ናት። ተበላሽታለች ብለው ግን አይሸጧትም። ይግቡና ይስሙ።»

እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ኮፊያቸውን አድርገው ወጡ። በባሕሩ ዳር መንገድ ወሰድኳቸውና መንገዱ ባዶ ሲሆን ፍሬን ያዝኩ። ኮፊያቸው ግንባራቸው ላይ ወረደ። ምንም ድምፅ የለም። ተነሣሁ፤ ምንም የለም። እንደገና ያዝኩ።

«ቀስ በይ፣ አንገቴን ሰበርሽው» አሉ።

ድምፅ ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ወደ ውኃው ይመለከቱ ነበር። ጥያቄውን ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜም ለመጠየቅ ዝግጁ ነበርኩ፤ ከዚህ የበለጠ ዝም የሚሉ ሹማምንት ፊት ተቀምጬ አውቃለሁ።

«አልሰማሁም» አሉ።

ስንመለስ ገዢው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አጎቴ መኪናዋ እንደማትሸጥ ነገሩት። ካርዳኑ አልቋል አላሉኝም ወይ ብሎ ተቆጣ።

«ተሠርቷል» አሉ አጎቴ።

«አልተሠራም» አልኩ። «ድሮም ጤነኛ ነበር።»

አጎቴ ዞረው አዩኝ። ገዢው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። እኔ ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ ጠበቅሁ።

«ጤነኛ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

በዚያው ከሰዓት ፔካ 12 ተመለስኩ፣ መፍቻውን ለባለቤቱ ላደርስና ያቋረጥኩትን ጥያቄ ልቀጥል። የዚያ ሳምንት ዘገባዬ ስለ ኮንትሮባንድ ነበር፤ ጣሳውም ገብቶበታል፣ አንድ ቃል አላለዘብኩበትም። ጁምዓ ምሳ ላይ አነበብኩላቸው። እንደ ወትሮው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።