የመኪና አደጋ

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ከከተማችን በላይ ባለው ጫካ ጠላት መደምሰሱን፣ በወገን በኩል ግን አንድም ሰው አለመጎዳቱን ተናገረ። ዜናው ሲነገር የሦስት ሚሊሻዎች አስከሬን ኮሪደሩ ላይ ተጋድሞ ነበር።

ከጸጥታ ክፍል የመጣ ሰውዬ ጠረጴዛዬን ተደግፎ፣ «የመኪና አደጋ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። ጠላት ተሸንፏል፤ ስንት እንደከፈልን ከሰማ ግን ነገ ይነሳል። የተማርሽ አይደለሽ እንዴ?»

ጻፍኩ። ፊደሎቹ እንዳይዛነፉ እንኳ ተጠንቅቄ።

ከሟቾቹ የአንዱ አባት የጭልሞ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን በቀበሩ በሳምንቱ መስኮቴ ጋ መጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሾፌሩ ማነው?»

«አላውቅም አባባ።»

«ካሳ አልፈልግም። ሽማግሌ ፊት ቆሞ ‹ገድያለሁ› ይበለኝ። እሱ ካላመነ የጉማ እርቅ የለም፤ የልጄ ደም ሳይታረቅ ይቀራል።»

የካርዱን ግልባጭ ማኅተም አድርጌበት ሰጠኋቸው። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነበር።

አስከሬኖቹን ከጫካ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው አንድ የእጃጂ ሾፌር ነበር። መኪናውን ወንዝ ዳር ሲያጥብ ደሙን ያዩ ሰዎች ለአባትየው ነገሯቸው፤ ሽማግሌ ተላከበት። በማግስቱ ሾፌሩ እኔ ጋ መጣ።

«እህቴ፣ የጫንኩት ሬሳ ነው። በጥይት መሞቱን አንቺም ታውቂያለሽ።»

«እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ።»

«ብናገር ያስሩኛል፤ ዝም ብል ነፍሰ ገዳይ ነኝ። ለሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ብትነግሪያቸው ምን አለበት?»

«ካርዱ የሚለው የመኪና አደጋ ነው» አልኩት።

ሳቀ። «ግሩም! እንግዲያው የት እንደገደልኩት ንገሪኛ። ሲጠይቁኝ እንዳልሳሳት።»

ቦታ በሚለው መስመር ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር። «ወደ እንጭኒ በሚያስገባው መታጠፊያ» አልኩት። ሁለቴ አስደገመኝና ሄደ። እኔም መስመሩን ሞላሁት።

ከጉማው በኋላ አባትየው ሊያመሰግኑኝ ተመለሱ።

«ጌታ ይባርክሽ። አመነ። መጀመሪያ አንገራግሮ ነበር፤ ወረቀትሽን ሲያይ ሁሉን ተናገረ። ልጄ ሲሞት ምን አለ ብዬም ጠየቅኩት።»

«ምን አለዎት?»

«አልጮኸም አለኝ። ወዲያው ነው ያለፈው አለኝ።» በመዳፋቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንኳን አልጮኸ።»

የልጁን አስከሬን ሲያመጡት አይቼዋለሁ። ሆዱን በገዛ ቀበቶው አስሮ ነበር፤ ጥርሶቹም የእጁ ጀርባ ላይ ታትመው ነበር።

«አዎ አባባ፣ ወዲያው ነው» አልኳቸው።