አፈ ለስላሳው ውሻ

አጎቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ለውሻቸው ይናገሩት የነበረው ቃል ነው። በወጣትነታቸው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዳክዬ ለሚያድኑ የውጭ አገር ሰዎች መንገድ ይመሩ ነበር፤ የውሻው ዘር ከእነሱ የቀረ ነው። ጸጉሩ ውሃ አያስገባም፣ የእግሩ ጣቶች እንደ ዳክዬ በቆዳ የተያያዙ ናቸው፣ አፉም የያዘውን አይጎዳም። ከውሃ ያወጣውን ሁሉ ለእሳቸው ያመጣ ነበር። እሳቸውም "እስቲ ስጠኝ፣ ጌታዬ" ብለው በሁለት እጃቸው ይቀበሉት ነበር። እንግዳ ፊት ውሻን "ጌታዬ" ሲሉ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

በሠልስታቸው ዕለት አሰላ ባለው ቤታቸው ደጅ ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ውሻው ከታች ካለው ኩሬ ውሃ እያንጠባጠበ መጣ። በአፉ ዳክዬ ይዟል። ከባሌ የመጡ ዘመዶች ደነገጡ፤ አንዱ ዱላ አነሳ።

"ተዉት!" ብዬ ተነሳሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ፊቴ እንደ እሳት እየጋለ "ስጠኝ፣ ጌታዬ" አልኩት። አልሰጠኝም።

"በጆሮው ንገሪው፣ ልጄ፤ ቀስ ብለሽ" አሉኝ የአጎቴ ባለቤት።

ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ደገምኩለት። ዳክዬዋን መዳፌ ላይ አኖራት፤ በሕይወት አለች፤ ላባዋ እንኳ አልተነቀለም።

"ለምን በጆሮው ሆነ?" አልኳቸው።

"አጎትሽ አንቺ እንደምታፍሪ ካወቁ ወዲህ ጮክ ብለው ተናግረውት አያውቁም።"

ዳክዬዋን እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ማንም ያልተቀመጠበት ወንበራቸው ፊት ለፊቴ ነበር፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።