ከባሕር ማዶ የመጣው አምባላይ

ጋሽ ገብረየስ ስለ ዕድሜያቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጠጡት ጠላ ብዛት ሊዋሹ ይችላሉ፤ ስለ ፈረስ ግን ዋሽተው አያውቁም። በሀዋሳ፣ ያኔ አዋሳ በምንላት፣ ፈረስ የሚገዛ ጋሪ ነጂ ሁሉ ገበያ ይዟቸው ይወጣል። እሳቸው የፈረሱን ከንፈር ገልበጥ አድርገው ጥርሱን ያያሉ፤ እግሩን አንስተው ሰኮናውን ይመረምራሉ፤ ከዚያ «ግዛው» ወይም «ተወው» ይላሉ። ሻጭም ሆነ ገዥ ከዚያ በኋላ ቃል አይጨምርም።

በጎልማሳነታቸው የአንድ ደጃዝማች ባልደራስ፣ የፈረሶቻቸው አለቃ፣ ነበሩ። አብዮቱ ደጃዝማቹን ሲወስድ ጋሽ ገብረየስን ከፈረሶቹ ጋር አብሮ ወረሳቸውና በሐይቅ ዳር እርባታ ጣቢያ የጋጣ ኃላፊ ሆኑ። ቤት የላቸውም፣ የቀበሌ ነው፤ መሬት የላቸውም፣ የሰፊው ሕዝብ ነው። የራሴ የሚሉት ያችን «ግዛው» እና «ተወው» ብቻ ነበር፤ እሷን የወረሰባቸው የለም።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ሙሉጌታ ቢሮው አስጠራቸው። ጓድ ሙሉጌታ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ስለ ከብት እርባታ ሁለት መጽሐፍ ያነበበና ከብት ሲያይ ራቅ ብሎ የሚቆም ሰው ነበር።

«ጋሼ፣ ምርጥ የሚባለው ፈረስ እንዴት ያለ ነው? አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ» አለና ብዕሩን አነሳ።

ለምን እንደፈለገው አልተናገረም፤ ምስጢር ነበር። ጋሽ ገብረየስም አልጠየቁም። በዚያ ዘመን «ለምን» የምትባለው ቃል ስንቱን ከቤቱ አስወጥታ እንዳስቀረች ያውቃሉ። በልባቸው ግን ገመቱ፤ ለአብዮቱ በዓል አንድ ትልቅ ሰው ሊቀመጥበት ነው አሉ። እናም ለትልቅ ሰው የሚገባውን ነገሩት፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ መልኩ ነጭ አምባላይ።

«ከሁሉም በላይ» አሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ «በልጅነቱ የተኮላሸ ይሁን። ያልተኮላሸ ድንጉላ ከሆነ ባዝራ፣ ማለትም ሴት ፈረስ፣ ባየ ቁጥር እያሽካካ ጌታውን በሕዝብ ፊት ያዋርዳል። ደጃዝማችም ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጉላ ላይ ወጥተው አያውቁም።»

ጓድ ሙሉጌታ ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፈ። የተነገረውን ሳይመረምር መጻፍ ለሥልጣን ያበቃው ችሎታው ነበር። ጋሽ ገብረየስ «መግለጫ ሰጪ» በሚለው ሥር፣ እሱ «አጽዳቂ» በሚለው ሥር ፈረሙ።

ፈረሱ በዓመቱ ደረሰ። ከአንዲት ወዳጅ ሶሻሊስት አገር አዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በጭነት መኪና መጣ። የጣቢያው ሠራተኛና ከየገበሬ ማኅበሩ የተጠራው ሰው ተሰልፎ አጨበጨበለት። ጋሽ ገብረየስ ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልክ እንዳሉት ነበር። ጎንበስ ብለው ከሆዱ ሥር አዩ፤ እሱም ልክ እንዳሉት ነበር። ቀና ሲሉ በሩ ላይ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ አነበቡ፤ «የፈረስ ዝርያችንን በምርጥ ድንጉላ እናሻሽላለን!» ይላል። ከጨርቁ ወዲያ ሃያ ባዝሮች ታስረው ይጠብቃሉ።

ጋሽ ገብረየስ ጨርቁን ደግመው አነበቡት።

«ጓድ ገብረየስ፣ ለሕዝቡ አንድ ቃል ይበሉ፤ እንዴት ያለ ፈረስ ነው?» አለ ጓድ ሙሉጌታ በድምፅ ማጉያው።

«ልክ እንዳዘዝነው ነው» አሉ። ይህ ውሸት አልነበረም። ሕዝቡም አጨበጨበ።

በማግስቱ ቢሮ ገብተው፣ በሩን ዘግተው እውነቱን ተናገሩ። ጓድ ሙሉጌታ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፋይሉን አወጣ። አራተኛው መስመር ላይ «የተኮላሸ ይሁን» የሚለው በገዛ እጁ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። መሳቁን ተወ።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ቢወጣ ስሙ ስህተት አይደለም፤ አሻጥር ነው። ከታች ደግሞ ሁለት ፊርማ አለ።»

«አይቼዋለሁ።»

«ስለዚህ ፈረሱ ድንጉላ ነው።»

«እኔስ እሺ ልበል፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ። ለፈረሱ ማን ይንገርልን?»

ጓድ ሙሉጌታ ፋይሉን ገልጦ ሌላ ወረቀት አሳያቸው። የጣቢያው ኮታ ነው፤ በዓመት አሥራ አምስት ውርንጭላ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ፤ ቆይተው ግን ተቆጡ።

«አርባ ዓመት ስለ ፈረስ አልዋሽም ስትል ኖረህ፣ አሁን ምን ልትል ነው?»

«ዝም እላለሁ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም።»

«ውርንጭላው ሲጠየቅስ? ዝምታ አይወልድም እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

እውነታቸውን ነበር። ጋሽ ገብረየስ መናኸሪያ ወርደው ደበሌን ፈለጉት። ደበሌ ጋሪ ነጂ ነው፤ ጋሪውን የሚጎትተው ቀይ ቡናማ መልክ ያለው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ድንጉላ ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት፣ እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቀበሌ ስብሰባ ሲገባ፣ ደበሌና ዳማው በጣቢያው የጓሮ በር ወደ ባዝሮቹ ይገባሉ። ደበሌን ከስብሰባ የሚያስቀር ደብዳቤ ጓድ ሙሉጌታ ራሱ ጻፈ፤ ምክንያቱ «ለአብዮታዊ ግዳጅ» ይላል። የድካሙ ዋጋ ከእንግዳው አምባላይ ቀለብ የሚቀነስ አንድ ጆንያ ፉርሽካ ነው። አምባላዩ አጥር ተደግፎ ድርቆሹን እያላመጠ ዳማውን ያያል። ቅናት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጋሽ ገብረየስ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ይቆማሉ፤ ያፍሩ ነበር።

በተከታዩ ዓመት አሥራ ሰባት ውርንጭሎች ተወለዱ። ሁሉም ዳማ፣ ሁሉም ግንባራቸው ላይ ነጭ ያለባቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት ጓዶች ጋጣውን እየዞሩ አዩና አንደኛው ቆም አለ።

«አባታቸው ነጭ አይደለም እንዴ?»

ጓድ ሙሉጌታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ባለሙያው ጓድ ገብረየስ ቢያስረዱ ይሻላል» አለ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሽ ገብረየስ ወደ ሐይቁ ተመለከቱ። ዝም ቢሉ ዝምታው መልስ ሊሆን ነው።

«ውኃው ነው» አሉ በመጨረሻ። «የሐይቁ ውኃ መልክ ይለውጣል።»

ሰውየው በማስታወሻው ጻፈው። ስለ ፈረስ የተናገሯት የመጀመሪያዋ ውሸት ያች ነበረች።

ከሰዓት በኋላ «ኮከብ ሠራተኛ» የሚል ወረቀት በጭብጨባ ተሰጣቸው። ከዚያ ወደ ቢሮ ተጠሩ። ሦስቱ ጓዶች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ጓድ ሙሉጌታ ብዕሩን ይዟል።

«በውጤቱ በጣም ተደስተናል» አለ ትልቁ። «ለሌሎች ጣቢያዎች ሁለት ፈረስ ሊገዛ ተወስኗል። መግለጫውን እርስዎ ይስጡ። ካለፈው የሚለወጥ ነገር አለ?»

አንዲት ቃል ነበረች። «ድንጉላ ይሁን» ማለት ብቻ። ግን «ያለፈውስ ምን ነበር?» ብለው ቢጠይቁስ? ጓድ ሙሉጌታ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ጋሽ ገብረየስ በዓይነ ኅሊናቸው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ጋጣ፣ ሌላ ሽማግሌ ታዩዋቸው፤ ጎንበስ ብሎ አይቶ ቀና ሲል።

«የለም» አሉ። «እንዳለፈው ይሁን።»

ሁለተኛውን መግለጫ ፈርመው ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ገበሬ ሊገዛው ያሰበውን ፈረስ እየሳበ ደጃቸው ድረስ መጣና ጥርሱን እንዲያዩለት ለመናቸው። ጋሽ ገብረየስ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ሌላ ሰው አሳይ፣ ልጄ» አሉት። «ዓይኔ ደክሟል።»

ዓይናቸው ግን ምንም አልሆነም ነበር፤ ፈረሱ በግራ የፊት እግሩ እንደሚያነክስ ገና ከሩቅ አይተውታል።